ሊቀ ቀንድ አውጣና አሥራ አንዱ ዛጎሎች

በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አለ፤ በዚህች ምድር ላይ ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ማመን የማይሆንለት። በእሱ ፊት «ያው ነው» ማለት ነገር ፍለጋ ነው። ምስማር በጣሳ ሙሉ ብትሰጡት ራሰ ሰፊውን ለብቻ፣ ራሰ ጠባቡን ለብቻ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለውን ደግሞ «ይህ ገና ይታያል» ብሎ ለብቻው ያስቀምጣል። ልብስ ሲያጥብ ነጭን ከነጭ ይለያል። የሸሚዝ ቁልፍ ወድቆባችሁ የሚመሳሰል ሌላ ብትተክሉ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ እዚያች ቁልፍ ላይ ያርፋል፤ እናንተም ቀኑን ሙሉ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ትውላላችሁ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ዘውዱን የሚደፉት ግን አንድ ሰው ነበሩ፤ ክቡርነታቸው ሊቀ ቀንድ አውጣ። ማዕረጉን የሰጣቸው የሙዚየሙ ሹፌር ነው። ለሥራ ጉዞ ይዟቸው ወጥቶ ከአንድ ደረቅ ገደል ሥር ስምንት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጠብቀውት ሲመለስ፣ «እኔ ሰው የጫንኩ መስሎኝ! ለካ የቀንድ አውጣ ሊቀ ሊቃውንት ነው ይዤ የሄድኩት!» አለ። ስሙ በዚያው ጸና፤ ሲያጥርም «ሊቁ» ሆነ። እሳቸውም ሰሙ። አልተቆጡም፤ ሹፌሩን ጠርተው ቀንድ አውጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የየትኞቹ ቀንድ አውጣዎች ሊቅ ብሎ እንደሰየማቸው እንዲያብራራ ብቻ ጠየቁት።

ይህን ሁሉ የምታስታውሰው ሃያ ስድስት ዓመት ከሊቁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው ጸሐፊዋ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የገባችው በወሊድ ፈቃድ የወጣች ጸሐፊን ለሁለት ወር ለመተካት ነበር። ያቺ ሴት ወልዳ አልተመለሰችም። ለምን እንዳልተመለሰች ተተኪዋ በመጀመሪያው ቀን ገባት።

ያን ቀን ሊቁ ወንበሯን እንኳ ሳያሳዩዋት ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው ሁለት ነገሮች አስቀመጡበት፤ ምስር የሚያካክሉ፣ ግራጫ፣ የተጠማዘዙ።

«ምን ታያለሽ?»

«ሁለት ቀንድ አውጣ።»

«ተሳሳትሽ። እዚህ ያለው አንድ ቀንድ አውጣና አንድ ሌላ ቀንድ አውጣ ነው።»

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። «ያው አይደሉም እንዴ ጋሼ?»

ሊቁ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ከዚያም ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰማው የምትኖረውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። «አንድ አይደሉም!»

ቀጥለው አያያዝ አስተማሯት። «ጫፉ ወደ ሰማይ፣ አፉ ወደ አንቺ። አፉ በቀኝሽ ከሆነ ቀኝ ዞር ነው፤ በግራሽ ከሆነ ግራ ዞር። ዘቅዝቀሽ ከያዝሽው ቀኙን ግራ ትያለሽ፤ ያን ጊዜ እሱንም እኔንም አዋረድሽ።» ትምህርቱ እንዲህ ገብቷት ኖሮ፣ በዚያ ወር አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ጫፉን ወደ ሰማይ፣ አፉን ወደ እሷ አድርጋ ሳይታወቃት ትመረምር ነበር።

ክፍሉ ከሙዚየሙ ጀርባ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ከውጭ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነበር። ሊቁ ሰውን የሚያውቁት በጫማው ነው። «ዳይሬክተሩ መጡ» ይላሉ በጨረፍታ አይተው፣ «የቀኝ ተረከዛቸውን ዛሬም አላሠሩትም።» ክፍሉ የእርጥብ አፈርና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ነበረው። ያኔ ልብሷ ላይ ሲቀርባት ትማረር ነበር። ዛሬ ዝናብ ጥሎ ያ ሽታ ከመንገድ ሲመጣባት ቆም ትላለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ድሮ ድሮ፣ የሰው ዘር ገና ስም ሳይወጣለት፣ ከከተማው ወዲያ ሰፊ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ደረቀ፤ ቀንድ አውጣው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ዛጎሉ ድንጋይ ሆነ። ያንን አፈር ሹፌሩ በጆንያ ያመጣል። አፈሩ ይዘፈዘፋል፤ በሦስት ወንፊት ይታጠባል፤ ጋዜጣ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ጸሐፊዋ በረጠበ የቀለም ብሩሽ ጫፍ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ትለቅማለች። የተቀጠረችው ለጽሕፈት ነበር፤ ግን ዓይኗ ከሊቁ ዓይን የተሻለ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ብሩሹ ከእጇ አልወጣም። ሊቁ በአጉሊ መነጽር ዙሩን ይቆጥራሉ፣ የከንፈሩን ውፍረት ይለካሉ፣ ወገኑን ይወስናሉ። ከዚያ ዛጎሉ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ካርዱን እሷ በጽሕፈት መኪናዋ ታዘጋጃለች።

ስለ ካርድ ሁለት ሕግ ነበር። የመጀመሪያው፣ አሮጌ ካርድ አይቀደድም፤ የቀንድ አውጣው ስም ቢለወጥ እንኳ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከሥር ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ለአንድ ቀንድ አውጣ ሁለት ሰዎች ሁለት ስም ቢያወጡለት ቀድሞ ታትሞ የወጣው ይጸናል። የተጻፈ ካርድ ሲቀርብላቸው ሊቁ ስህተት ካዩበት በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ ዝንብ ይዘው ይመልሱላታል። ካላዩበት «ልክ ነው፤ መዝግቢው» ይላሉ። ከዚህ ያለፈ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እሷም በሳምንት አንድ «ልክ ነው፤ መዝግቢው» ካገኘች ሳምንቱ ጥሩ ነበር ትላለች።

ሊቁ ይህንን ዓመላቸውን ቢሮ ትተውት ቢሄዱ ደግ ነበር። ሹፌሩ መንታ ሴቶች ልጆች ነበሩት። እናታቸው እንኳ የምትለያቸው በፀጉር ሪባን ቀለም ነው፤ እነሱም ሪባን እየተለዋወጡ አንዷ ባጠፋችው ሌላዋ እንድትቀጣ ሲያደርጉ ኖረዋል። አንድ ቀን አባታቸው ይዟቸው መጣ። ሊቁ አንዴ ቀና ብለው አዩና፣ «የዚችኛዋ የጆሮ ጫፍ ከጉንጯ ጋር የተያያዘ ነው፤ የዚያችኛዋ የተንጠለጠለ። ታዲያ ማን ነው አንድ ናቸው ያላችሁ?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሹፌሩ ተገላገለ። መንታዎቹ ግን እስኪዳሩ ድረስ ለሊቁ ሰላምታ አልሰጡም።

ባለቤታቸው ደግሞ ሆድ ሲብሳቸው ወደ ጸሐፊዋ ይደውላሉ። «ልጄ፣ እባክሽ እሑድም ሥራ አለ በያቸው። ትናንት ቤት ዋሉልኝና ባቄላዬን አምስት ቦታ ከፍለው፣ አራቱን አብስዪ፣ አምስተኛውን አቆዪው አሉኝ። ምነው እሱ ምን ሆነ ብላቸው፣ ገና አልወሰንኩም!» ከበስተጀርባ የሊቁ ድምፅ ይሰማል። «አንድ አይደለም! የዚህኛው ዓይን ጠይም ነው!»

በዚያ ዘመን ሙዚየሙን የሚመሩት፣ በቁመትም በወርድም በር የሚሞሉ ስለነበሩ፣ ሁሉም «ትልቁ ዳይሬክተር» የሚሏቸው ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ቦታ ጠበባቸውና ወደ ክፍሉ ወረዱ። «ሁሉም ቀንድ አውጣ አይደለም እንዴ? ሁለት ሁለቱን መሳቢያ ወደ አንድ ብታጠቃልሉትስ?» አሉ። ሊቁ በትሕትና «ይቀመጡ» አሉ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጉ። ትልቁ ዳይሬክተር የተነሱት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በመስኮቱ ጫማቸው ሲያልፍ እንጂ ሲቆም አልታየም።

ጸሐፊዋ በገባች በስድስተኛው ዓመት ወንፊት ስታራግፍ አንዲት ነገር ከሽቦው መሐል አልወጣ አለች። በመርፌ አወጣቻት። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ስስ ከንፈር ያላት ዛጎል። በዚያ ሳምንት ሌሎች አሥር አገኘች። ሊቁ ሦስት ሳምንት አዩዋቸው። በሃያ መጽሐፍ ፈለጓቸው። በመጨረሻ «እስካሁን ስም ከወጣላቸው ጋር አንድ አይደሉም» ብለው አራት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ እሷም ጻፈችው። ስም የሚገባበትን ቦታ ግን ባዶ እንድትተወው አዘዟት፤ በእጃቸው ሞልተው ለሙዚየሙ መጽሔት ሰጡት። ታትሞ ሲመጣ ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርገውላት፣ «ገጽ ሦስት ላይ አንድ ነጥብ ረስተሻል» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ገጽ ሦስትን ገለጠች። ስሟ ነበር። የላቲን ጭራ ተቀጥሎበታል እንጂ የገዛ ስሟ ነው።

እናቷ ማንበብ አታውቅም። ገጹን ተቀብላ ከመስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ጀርባ አቆመችው፤ ለጎረቤቷም አስታወቀች።

«በልጄ ስም እንስሳ ተሰይሟል።»

«እሰይ! ትታለባለች?»

«ኧረ ሞታለች። ከሞተች ብዙ ሺህ ዓመት ሆኗታል።»

«ውይ! ነፍሷን ይማር» አለች ጎረቤቷ ከልቧ።

ጸሐፊዋ ይህን እያነሳች ትስቅበት ነበር። ሲመቻት ግን፣ ሊቁ ምሳ ሲወጡ፣ ያችን የክብሪት ሳጥን ከፍታ አሥራ አንዱን ዛጎሎች ታያቸዋለች። በስሟ ቤት የላትም፤ አላገባችም፤ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ዓለም ላይ ስሟን ተሸክሞ ከእሷ በኋላ የሚቀር ነገር ቢኖር ያች ሳጥን ነበረች።

በዚያው ዓመት፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ ሌላ ቀንድ አውጣ መጣ። ትልቅ፣ የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል፣ ሸንተረሩ በጣት የሚዳሰስ። በጆንያ ሙሉ ነበር የተገኘው። ሊቁ ትልቁን ዳይሬክተር ሦስት ሰዓት ማስቀመጣቸው ከንክኗቸው ኖሮ በእሳቸው ስም ሰየሙት፤ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ያዘ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። የሐይቁ ውሃ አናታቸውን በልቶት ስለነበር ትልልቆቹ ሁሉ ጫፋቸው የተቆረጠ ነበር። ሙሉ ጫፍ ያለው አንድም አልተገኘም። ሊቁ ለዚህ ብዙም አልተጨነቁም።

ዓመታት አለፉ። ትልቁ ዳይሬክተር ጡረታ ወጡ፤ ቆይተውም አረፉ። የጸሐፊዋ እናት አረፈች፤ ገጹ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ እንደቆመ ቀረ። ሊቁም ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው የዕድሜ ልክ ሥራቸውን፣ የሐይቁን ቀንድ አውጣዎች ሁሉ የያዘ መዝገብ፣ ሊዘጉ ተቃረቡ። ሰማንያ አራት ዓይነት። ሊቁ «ሰማንያ አራት» ሲሉ፣ ሌላ ሰው የልጅ ልጆቹን ቁጥር እንደሚናገረው ነበር።

በዚያ ሰሞን ሹፌሩ ከአንድ ጉድጓድ ቁፋሮ የወጣ አፈር አመጣ። ማክሰኞ ዕለት ጸሐፊዋ በብሩሿ አንድ ትልቅ ሸንተረራም ዛጎል አነሳችና እጇ ቀጥ አለ። ጫፉ አልተቆረጠም። ከአናቱ ሲጀምር ለስላሳ ነው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር ለስላሳ፣ ቀጭን። ሸንተረሩ የሚጀምረው ከአራተኛው ነው። ሳጥኗን ከፍታ ከአሥራ አንዱ አንዷን አወጣችና አጠገቡ አስቀመጠች። እነዚያ ሦስት ዙሮች ራሷ ናቸው። ቀንድ አውጣ ሲያድግ የልጅነት ቤቱን አይጥልም፤ ከጫፉ ላይ ይዞት ይኖራል። በስሟ የተሰየመችው ለብቻዋ ዓይነት አልነበረችም። የትልቁ ዳይሬክተር ቀንድ አውጣ ሕፃን ልጅ ነበረች። ትንሽ መሆኗ፣ ለስላሳ መሆኗ፣ ከንፈሯ መሳሳቱ፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ ሕፃን ናታ!

ጸሐፊዋ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንድ አይደሉም» ለማለት ፈለገች፤ አልሆነላትም። ሊቁ ጀርባቸውን ሰጥተው አጉሊ መነጽራቸው ላይ አቀርቅረዋል። የጣቷ ጥፍር ይበቃ ነበር። ትንሽ ጫን ብትለው ያ ጫፍ እንደሌሎቹ ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል፤ ማንም አያውቅም። አልጫነችውም። ግን አላሳየችም። ዛጎሉን ባዶ የጽሕፈት መኪና ሪባን ቆርቆሮ ውስጥ ከታ መሳቢያዋን ቆለፈች።

ረቡዕ ዝም አለች። ሐሙስ ዝም አለች። ሊቁ ሁለት ወር ነው የቀራቸው፤ ለምን ላስደንግጣቸው፣ ለእሳቸው ብዬ ነው ትላለች ለራሷ። ግማሹ እውነት ነበር። እናቷ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትል ነበር፤ ዓርብ ሌሊቱን ያ ተረት እንቅልፍ ነሳት።

ቅዳሜ የመዝገቡን ገጽ ስልሳ አንድ ስትጽፍ የሊቁን የእጅ ጽሑፍ እየተከተለች እዚህ ደረሰች። «የመጀመሪያዋ ለስላሳ ስትሆን ሁለተኛው ሸንተረራም ነው። አንድ አይደሉም።» «አንድ» የሚለውን ጻፈች። ጣቷ ከዚያ አላልፍ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ያሉትን ሁሉ ጽፋለች፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች የጻፈችው ግን አንድም አልነበረም።

ተነሳች። መሳቢያውን ከፈተች። ጥቁሩን ጨርቅ ሊቁ ፊት ዘርግታ ሁለቱን ዛጎሎች አስቀመጠች፤ ጫፋቸው ወደ ሰማይ፣ አፋቸው ወደ እሳቸው።

«ምን ያያሉ ጋሼ?»

ሊቁ አዩ። አጉሊ መነጽሩን አምጥተው አዩ። በመስኮቱ ስንትና ስንት ጫማ አለፈ፤ አንዱንም ቀና ብለው አላዩትም።

«አንድ ቀንድ አውጣ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «መቼ አገኘሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻላት። «ሕፃን ከእናቷ ነጥቄ ሃያ ዓመት ለየብቻ አኖርኳቸው» አሉና ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ጊዜው ገና ረፋድ ነበር።

ሰኞ አልመጡም። ማክሰኞም አልመጡም። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ የገደልኳቸው ብላ አመነች። ስትደውል ባለቤታቸው አነሱ። «ኧረ ደህና ናቸው። ወረቀት ያገላብጣሉ። ግን ልጄ፣ ጓዳ ገብተው ባቄላ አጠገብ ሲያልፉ ዝም! አንድ ነገርማ ሆነዋል።» ጸሐፊዋ ስልኩን ዘጋችና አለቀሰች። ለስሟ ይሁን ለሊቁ ለይታ አታውቀውም። ሊቁ ቢኖሩ ይለዩላት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የታወቀው ጫማ በመስኮቱ አለፈ። ሊቁ ገብተው ሁለት አሮጌ መጽሔቶች ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ፤ የእሷ ስም የወጣበትንና የትልቁ ዳይሬክተር ስም የወጣበትን።

«ቀኑን አንብቢ።»

አነበበች። የእሷ በአምስት ወር ይቀድማል።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ሕጉን ስንት ጊዜ ጽፋዋለች። ለራሷ ይሆናል ብላ አንድ ቀን አስባው አታውቅም። «ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ትልቁስ?»

«ይወድቃል። እናቲቱም በልጇ ስም ትጠራለች። መደርደሪያው በሙሉ ያንቺ ነው።»

ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ጸሐፊዋ ግን ቶሎ አልተቀበለችም። «ጋሼ፣ ለእኔ ብለው እንዳይሆን።»

ሊቁ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹባት። «ለአንቺ ብዬ! እኔ ለሰው ብዬ ቀንድ አውጣ የምነካ ነኝ? የፈረደው ቀኑ ነው! ቀኑ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ያለ አንዳች ርኅራኄ እሰርዝሽ ነበር!»

እውነታቸውን ነበር። ይሰርዟት ነበር። ደስታዋ ልክ ያጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእኚህ ሰው በይሉኝታ የሚገኝ ነገር የለም።

«ስንት ካርድ ነው?» አሉ ተረጋግተው።

«ስድስት መቶ አርባ።»

«ሪባን አለሽ?»

ሦስት ሳምንት ስሟን ጻፈች። እስከ መቶኛው ካርድ ድረስ ደስ አላት። ከዚያ በኋላ እናቷ ለምን አጠር ያለ ስም እንዳላወጣችላት ታስብ ጀመር። ሊቁ እያንዳንዱን ካርድ መረመሩ፤ አሥራ ሰባቱን በሁለት ጣታቸው መለሱላት። በመዝገቡ ላይ ሰማንያ አራቱ ሰማንያ ሦስት ሆነ። ያችን ቁጥር ሲያርሙ እስክሪብቷቸው ትንሽ ዘገየች።

ያ ክፍል ዛሬ የለም። መሳቢያዎቹ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተዋል፤ መስኮቱ ሰፊ ነው፤ በእሱ የሚታየው ሰማይ እንጂ ጫማ አይደለም። ካርድ በኮምፒውተር ይወጣል፤ ስሟን አንዴ ጽፎ ስድስት መቶ አርባ ጊዜ ማባዛት የደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ ይህን ሲነግሯት ትንሽ ትናደዳለች። ጸሐፊዋ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ናት። መሳቢያ ስትከፍት ከስሟ ሥር የትልቁ ዳይሬክተር ካርድ አለ፤ አልተቀደደም። ሊቁ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ይናፍቋታል። «እፎይ፣ ከእሳቸው ተገላገልሽ» ያሉዋት ሰዎች ነበሩ፤ እሷም ለወጉ ያህል ሳቅ ብላላቸዋለች።

ስለ ሊቁ ሲጠይቋት ግን የምትናገረው የሽኝታቸውን ቀን ነው። አዳራሹ በላስቲክ አበባ አጊጧል። አዲሱ ዳይሬክተር፣ ከሊቁ ጋር ሁለት ጊዜ ብቻ የተገናኙት ሰው፣ ከወረቀት ላይ እያነበቡ፣ «ተቋማችን እንደ እሳቸው ያሉ ትጉህ ሠራተኞች በብዛት አሉት፤ ለእኛ ሁሉም አንድ ናቸው» አሉ። ሊቁ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያያሉ። ጸሐፊዋ የኋላ ወንበር ላይ ነበረች። በሃያ ስድስት ዓመት በስብሰባ አፏን ከፍታ አታውቅም። ተነስታ ቆማ እንደነበር ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው።

«አንድ አይደሉም!»

መጀመሪያ ሹፌሩ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። ሊቁ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም። እየጠረጉ ቆዩ።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ፊቷ በእፍረት ቀልቷል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ መጮህ አልነበረብኝም።»

ሊቁ ካርድ ሲመረምሩ እንደሚያዩት ከመነጽራቸው በላይ አተኩረው አዩዋት። ስህተት ፈለጉ።

«ልክ ነው» አሉ። «መዝግቢው።»